የምታጠናዋ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን፣ ለማግስቱ ፈተና ነበረባት። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ፤ ሳልነግራት ዶርሟ ድረስ ሄድኩ። እንደፈራሁትም ከሕንጻው ሥር ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር አገኘኋት።

«ብትወድቂስ? ብትባረሪስ?»

«እማዬ ደግሞ! እየተጫወትኩም እያጠናሁም ነው።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!»

«እሷ እኮ ትወጣለች፣ ማዘር!» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ።

መጽሐፏን አምጥቼ እዚያው ላስጠናት ብዬ በንዴት ደረጃውን ወጣሁ። የክፍሏን በር ስከፍት፣ ልጄ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ታነባለች። በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ፤ ልጄ እየጨፈረች ነው።

«እማዬ፣ በሩን ዝጊው፤ ጫጫታው ረበሸኝ» አለች የምታነበው፣ ቀና ሳትል። ድምፁ የልጄ ነው።

አልሸሸሁም፤ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

«ልጄ ከወደቀችም ራሷ ትውደቅ! ተነሺ ከወንበሯ! አንቺን አልወለድኩም» አልኩና መጽሐፉን ከፊቷ ነጠቅኩ።

«ስጪኝ፣ እማዬ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ታች የልጄ ሳቅ ድንገት ቆመ፤ በመስኮቱ ሳይ እሷም እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች።