የሰባተኛ ፎቅ ግድግዳ

«እናቁማት» አለ ልጄ።

የእድር ሰዎች ሳጥኑን ተሸክመው ሊፍቱ በር ላይ ቆመዋል። በፊት በኩል ሞከሩ፤ አግድም ሞከሩ፤ አልገባም። ይህ ሊፍት የተሠራው ለቢሮ ሰው ነው፤ ፋይል ይዞ ቆሞ ለሚወጣ፣ ቆሞ ለሚወርድ። ጠዋት ባዶውን ሳጥን ያወጡት አቁመው ነበር። ያኔ ማንም መመለሻውን አላሰበም።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«አባዬ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው። ታች ስንደርስ እናስተኛታለን።»

አምሃ የበኩር ልጄ ነው። ከካራ ግቢያችን አንስቶ እዚህ ሲግናል ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያስቀመጠን እሱ ነው። የገባን ቀን እናቱ የማርያምወርቅ መስኮቱን ልትከፍት ሞከረች። መስተዋቱ ከመጀመሪያውም የተገጠመው እንዳይከፈት ተደርጎ ነው። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ሰው የሞተ እንደሆነ በየት ነው የሚወጣው ብላ ጠየቀችው። እሱ ሳቀ።

«ቆማ አትወርድም» አልኩ። «እናትህ ናት፣ ፍሪጅ አይደለችም።»

የተሸከሙት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። የእድራችን ዳኛ አቶ ሣህሌ ላቡን ጠረገና ሁለት ወንበር አስመጥቶ ሳጥኑን አሳረፈ። ያልከውን እናደርጋለን፣ ግን ካህናቱ ታች ቆመዋል፣ እስከ እንጦጦ ራጉኤል ያለው ደግሞ ዳገት ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ቀኑም እየመሸ ይሄዳል።

በርናባስ የሚባለው የሕንፃው አስተዳዳሪ ሬዲዮውን ወገቡ ላይ ሰክቶ መጣ። ነፍስ ይማር አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሊፍቱን ይዘን መቆም እንደማንችል፣ ታች ነዋሪ እየጠበቀ መሆኑን ነገረን። የድንገተኛ መውጫውን ሣህሌ ጠየቀው። እሱ ከውጭ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጠመዝማዛ ብረት ነው፤ ሰው እንኳን በጎኑ ነው የሚወርደው፤ በቃሬዛም ቢሆን አያሳልፍም። ትልቁ ደረጃስ ሲሉት፣ ተዘግቷል አለ።

መዘጋቱን አውቃለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ። ሕንፃው ቢሮ በነበረ ጊዜ የተሠራ ነጭ እምነ በረድ ደረጃ ነው፤ አለቃ መሐል፣ ሠራተኛው ግራና ቀኝ ሆኖ እንዲወርድበት ያሰፉት። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሰንጋ ተራ ሲዛወር ባለቤቱ ፎቁን ሁሉ በጂፕሰም እየከፋፈለ ለመኖሪያ ሸጠው። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ነበር። ባዶ ቦታ አሳዘነው መሰል፣ እሱንም አጥሮ ቤት ብሎ ሸጠ። ከእኛ ፎቅ ደረጃውን ወርደህ የምታገኘው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ልጅ ትተኛለች። ከእሷ በር በታች ደረጃው እስከ አስፋልቱ ክፍት ነው።

«ግድግዳው ይፍረስ» አልኩ።

በርናባስ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ያ የሰው ቤት ነው፣ ካርታ አለው፣ መፍረስ ካለበት የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ነው አለ።

«ሬሳ ስብሰባ ይጠብቃል እንዴ?» አለው ሣህሌ።

«አባባ፣ እርስዎ የመጀመሪያ አይደሉም» አለኝ በርናባስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአሥራ አንደኛው ፎቅ ሰውዬም ቆመው ነው የወረዱት። ልጆቻቸው ደግፈዋቸው።»

ሊያጽናናኝ ነው ይህን ያለው። አምሃን አየሁት። እሱ ሰዓቱን ያያል።

ትቻቸው ደረጃውን ወረድኩና ግድግዳውን አንኳኳሁ።

«ማነው?» የልጅቷ ድምፅ ጆሮዬ ሥር ያለች ያህል ቀረበኝ።

«ጸሐዬ ነኝ፣ ከላይኛው ፎቅ። ባለቤቴ አርፋለች። በአንቺ ቤት ካላለፈች ቆማ ነው የምትወርደው። ሌላ መንገድ የለም።»

ጂፕሰም ስስ ነው፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ፌበን ትባላለች። እሑድ እሑድ ስትዘምር ቤታችን ድረስ ይሰማል። መዝሙሩ የእኛ አይደለም፤ የማርያምወርቅ ግን ሬዲዮኑን ዘግታ ታዳምጣት ነበር።

በርናባስ ከኋላዬ ደርሶ፣ ካፈረሱት ሕንፃው አይጠግንልሽም ብሎ ጮኸባት።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው። ቀጥላ ለእኔ፣ «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። አልጋዬን ላንሳ።»

አልጋው ወለሉን እየፋቀ ሲጎተት ሰማን። በቃ ስትል ግድግዳውን በተረከዜ መታሁት። ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም። ደግሜ መታሁት። አምሃ ኮቱን አውልቆ ደረጃው ላይ ጣለ፤ ምንም ሳይለኝ አልፎኝ በትከሻው ገባበት። ግድግዳው እሱን ይዞ ወደ ውስጥ ወደቀ።

አቧራው ሲረጋ ደረጃው አላለቀም ነበር። የመጨረሻዎቹ እርከኖች ክፍሏ ውስጥ ገብተዋል፤ የጫማ መደርደሪያ አድርጋቸዋለች። ፌበን ተንበርክካ ጫማዎቿን በቀሚሷ ትሰበስባለች። ሰብስባ ስትጨርስ ግድግዳ ተጠግታ አንገቷን ደፋች።

የማርያምወርቅ በጀርባዋ ተኝታ አለፈች። የተሸከሟት ሰዎች ከፌበን በር ወጥተው ጎን ለጎን ወረዱ፤ ግራና ቀኝ ቦታ ተረፋቸው። በርናባስ ከላይ ቀዳዳው ላይ ቆሞ በሬዲዮው ያወራል። አምሃ የፊተኛውን ማዕዘን ይዟል።

እኔ ከኋላ ነኝ። የልጄ ፀጉር በጂፕሰም ነጭ ሆኗል፤ ከጀርባው ሳየው እኩያዬ ይመስላል። ላራግፍለት እጄን ዘረጋሁ።

ተውኩት።