ከጭፈራው የጎደለው ልጅ

«በሉ እትዬ፣ አሁን ይመርቁኝ!» አለ ፍሬም ሠሪው፣ ሥዕሉን የሸፈነበትን ጨርቅ እየገፈፈ። ቀዳዳ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የጎረቤቱን አጥር እንኳ ሳይጠየቅ የሚጠግን ሰው ነበር። አሮጊቷ ያመጡለት ከድሮ የልጆች መጽሔት መሀል የተገነጠለ የበዓል ሥዕል ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሚጨፍሩት ልጆች አንዱ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። «መስታወት ብቻ አግባልኝ» ነበር ያሉት። እሱ ግን አሮጌ መጽሔት ሻጮች ዘንድ ሲያስስ ሰንብቶ ያንኑ እትም አገኘና፣ ባለቀይ ኮፍያውን ልጅ ቆርጦ ከቦታው መለሰው። መጋጠሚያው በአጉሊ መነጽር ቢፈለግ አይገኝም።

እትዬ አልመረቁትም። ጣታቸው በመስታወቱ ላይ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ቆየና ቀይ ኮፍያው ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ።

«ለመሆኑ የትኛው ባለጌ ነው የቆረጠብዎ?» አለ እየሳቀ።

«ባለጌዋ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ታናሽ ወንድሜ ‹ይሄ ጓደኛዬ ነው› እያለ ሲስመው ይውል ነበር። የሞተ ዕለት፣ ጨለማ ይፈራ ስለነበር፣ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ቆርጬ ከደረቱ ኪስ ከተትኩለት። አብረው ተቀበሩ።»

ፍሬም ሠሪው ቢላዋውን አነሳ። «አሁኑኑ ላንሳልዎ፣ እትዬ።»

አሮጊቷ አልሰሙትም። መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው ባለቀይ ኮፍያውን ልጅ በሹክሹክታ ይቆጡት ጀመር፦

«አንተ፣ ብቻውን ጥለኸው መጣህ?»