የባሌ ውሎ

ዲቪ የደረሳት ልጅቷ ናት። ወጪውን ሁሉ ችሎ፣ በወረቀት ባሏ ሆኖ አብሯት አሜሪካ የሚገባው ደግሞ ገዛኸኝ ነው። የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ሲቃረብ ቤቱ ወሰዳትና፣ «እህቴ ናት፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነች» ብሎ ከእትዬ ውድነሽ ጋር አስተዋውቋት ወጣ።

«እሺ፣ ባልሽ በየቀኑ ምን ያደርጋል? በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» አሏት እትዬ ውድነሽ።

«ማይ ሀዝባንድ...» ብላ ጀመረችና ተሸማቀቀች። በእህቱ ፊት ባሌ ከምትል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ማይ ሀዝባንድ፣ ጋሼ ገዛኸኝ...»

«ባልሽን ጋሼ ስትይ ከሰሙሽ አለቀልሽ!» አሏት ፈገግ እንኳ ሳይሉ። «ደግሞ ትናንት ያደረገውን አይደለም የጠየቅሁሽ፤ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው። ሲነቃ መጀመሪያ ሬዲዮ ይከፍታል በይ። ሻዩን ቆሞ ነው የሚጠጣው። ሌሊት ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ይወስድብሻል፤ እሱንም እንዳትረሺ።»

ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች ተከትላቸው አለችው። ሲያስደግሟት፣ ሲያስደግሟት በመጨረሻ አንድም ጋሼ ሳይገባበት ከጠዋት እስከ ማታ ተወጣችው። ደስ ብሏት ቀና አለች።

«ጎበዝ» አሏት እትዬ ውድነሽ፤ ተነሥተውም ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ እጃቸው የሳሙና አረፋ ነበረበት። ጣታቸው ላይ የነበረውን ቀለበት በቀሚሳቸው ጠርገው በእሷ ጣት አጠለቁላት።

«ከተጠራጠሩሽ አውልቀሽ አሳዪያቸው» አሏት። «ገዛኸኝ የሚለው ውስጡ ተቀርጿል።»