ያልተዋጠው ክኒን

የከብት ሐኪሙ ባንታየሁ ተመርቆ የመጣ ዓመት፣ በጥምቀት ዕለት፣ ትምህርት ቤት አለመግባቴን አንስቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ከጥጃ ጋር የተማርክ!» ብሎኛል።

አሁን ጥጃ ሁሉ ሳይጠባ የእሱን ክኒን መዋጥ ግዴታ ሆኗል። ደም መርዞ በድንገት የሚጥላቸው በሽታ ቀርቷል፤ አልዋሽም። ግን ክኒን የዋጠን ጥጃ እናቱ አሽትታ ረግጣ ታባርረዋለች። በላም ምላስ ፈንታ ሚስቴ ጥጆቹን በእርጥብ ጨርቅ ታሻቸዋለች። የሚጠጡትን የዱቄት ወተትስ ማን ይሸጣል? ራሱ ባንታየሁ!

ዛሬ ጠዋት ላማችን ዛጎል ወለደች። ባንታየሁ ከጋጣው በር ቆሞ፣ «አንተ የጥጃ ተማሪ፣ ጥጃዋ ክኒኑን ዋጠች?» አለኝ።

ክኒኑ መዳፌ ውስጥ ነው። ዛጎል ጥጃዋን እየላሰች ነው። ጥጃዋ ካልዋጠች እስከ ማታ ልትሞትብኝ ትችላለች።

ክኒኑን ኪሴ ከተትኩና የጋጣውን በር ዘግቼ በባንታየሁ አጠገብ አለፍኩ።