የገበያ ጥይት

የገበያ ጥይት የሚተኩስ ሰው ለጋሼ አዳኝ አይደለም፤ ተኩስ የሚያባክን ሠርገኛ ነው። እሱ ቀለሁን ራሱ ለቅሞ ያጥባል፣ ባሩዱን ራሱ መጥኖ ይሞላል፣ እርሳሱን ራሱ አቅልጦ ያፈሳል። የማንም እንዳይመስልበትም በየእርሳሱ ቂጥ ላይ መስቀል ይጭራል።

የእህቱን ባል የልሳኑን ጥይት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና፣ «ይቺ ድኩላውን ታስነጥሰው ይሆናል» አለ። «የእኔ ግን አምና እዚሁ ጫካ አንዱን ዘርሮታል። ጅብ ባይቀድመኝ ቆዳው ዛሬ መደቤ ላይ ነበር!»

«እሺ ጋሼ» አለ ልሳኑ። ይህን ወሬ ዓመቱን ሙሉ በየድግሱ ሰምቶታል።

ድኩላው ከቁጥቋጦው ብቅ ሲል ሁለቱም እኩል ተኮሱ፤ ወደቀ። በአገሩ ልማድ ቆዳው የገዳዩ ነው። ልሳኑ ቢላዋ አውጥቶ መግፈፍ ሲጀምር እሱ ድንጋይ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ድከም ቢልህ ነው እንጂ ቆዳውስ የእኔ ነው። እስቲ እርሳሱን አውጣና ይመስክር!»

ልሳኑ ብዙ ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻ ከታፋው ያወጣውን እርሳስ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ቂጡ ላይ መስቀል አለው።

«አላልኩህም?» ብሎ ዘሎ ተነሣ። «የማን ነው? ንገረኛ!»

«የእርስዎ ነው ጋሼ» አለ ልሳኑ፣ መስቀል የሌለው ሌላ እርሳስ የያዘ መዳፉን እየዘረጋ። «ከልቡ ያወጣሁት ግን ይኸኛው ነው። የእርስዎማ ቁስሉ ድኖ፣ ጠባሳው ላይ ጠጉር በቅሎበታል። ለካ ዓመቱን ሙሉ ጅቡን በከንቱ ነው ሲያሙት የከረሙት።»