ሰማያዊዋ ነጥብ

አቶ አንለይ ከድባጤ ተነስተው አሶሳ ድረስ የመጡት ለአንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነው። ነጥቧ በደርግ ጊዜ ቀያሾች ትተውላቸው በሄዱት አሮጌ ካርታ ላይ ያለች የምንጭ ምልክት ናት። አዲሱ ካርታ ላይ ግን የለችም።

«ትመለስልኝ» አሉ።

የመሬት ቢሮው የካርታ ባለሙያ ነብዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የመሬት ክርክር አሰልችቶታል እንጂ። ምንጭ ያለበት ቆላ የግጦሽ መሬት ነው፤ የግጦሽ መሬት ደግሞ ስንቱን ወንድማማች አጣልቷል። ሽማግሌው የይዞታ ማስረጃ ፍለጋ እንደመጡ ወዲያው ገባው።

«ስንት ከብት አለዎት፣ አባባ?»

«ከብት የለኝም።»

ከብት የሌለው ሰው ለከብት ውሃ ሲሟገት ማን ያምናል? ብልጥ ናቸው አለ በልቡ።

በማግስቱም መጡ፤ ከዚያም በየጠዋቱ። ወሰኑን ሲያሳያቸው ዞር ብለው አያዩትም። ጣታቸው ከመንደራቸው ይነሳና ቆላውን አቋርጦ ነጥቧ ላይ ይቆማል። ወረቀቱ በዚያ መስመር ተልጦ ነጭ ሆኗል። በዕድሜ አያቱ ይሆናሉ፤ ግን እንደ ሌላው ሽማግሌ «ልጄ» ብለውት አያውቁም፣ «ወንድሜ» ነው የሚሉት። ጸሐፊዋ ስርጉት ውሃ ብታቀርብላቸው አይነኩትም።

«ኩራታቸው!» አለች እሷ።

አርብ ዕለት ነብዩ ትዕግስቱ አለቀ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አባባ። የድሮው ካርታ የተሠራው ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ ነው የተነሳው። ያኔ የትም ውሃ አለ። እኛ በበጋ ሄደን አይተነዋል፤ አቧራ ብቻ ነው።»

«አለች በለኝ፣ ወንድሜ።» ጣታቸውን ከነጥቧ ላይ አላነሱም። «ትንሽ እንኳ ... ለአንድ ሰው የምትበቃ።»

«ከጥር በኋላ ጠብታ የለም። ሰው አይኖርበትም። ስለዚህ የይዞታ ጥያቄዎ አያስኬድም።»

ነብዩ መርታቱን አወቀ፤ ግን አዘነላቸው። መሬት ማጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አቶ አንለይ ካርታውን በድሮ እጥፋቱ ቀስ ብለው አጠፉት።

«በግርግሩ ጊዜ ‹ከብቶቹን ይዘህ ወደዚች ምንጭ ሽሽ› ብዬ ልጄን የላክሁት በየካቲት ነው» አሉ።