ለጅቡ የተበሳችው ቀዳዳ

«ይችም እምቢ አለች?» አለኝ ቀጥቃጩ አየነው፣ ሁለተኛዋን ማነጣጠሪያ ከጠመንጃዬ ላይ እየነቀለ።

እምቢ ብላለች። የመጀመሪያዋ የኋላ ማነጣጠሪያ ነበረች፣ ጎድጓዷ ሰፋ ተደርጎ የተሞረደ፤ እሷን ሳይ የአፈ ሙዙ ጫፍ ጠፋብኝ። ሁለተኛዋ ከጥይት ቀለህ የተሠራች፣ ከፊት የምትቀመጥ ወፍራም የናስ ፍሬ ናት፤ እሷስ ታየችኝ፣ ግን በሬ የሚያህል ነገር ከለለችብኝ። የቀጥቃጩ ጥፋት አይደለም። ድሮ በመተማ ቆላ ሚዳቋን ከቁጥቋጦ የሚለየው ዓይኔ አርጅቶ አሁን ጉም ብቻ ያሳየኛል።

ጠመንጃውም እንደኔ ሽማግሌ ነው፤ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፉ ነው የሚጎርስ። ድንበሩን ስንሻገር የሱዳን ፖሊሶች ስቀውበት መለሱልኝ። ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ካለው መጠለያ ከገባን ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ ሲመሽ ከመቃብሩ ጥግ ተቀምጬ ጅብ አባርርበታለሁ። በዚያ በሰባ ሰባት ረሃብ ሬሳው ብዙ፣ ቆፋሪው አቅመ ቢስ፣ ጉድጓዱም ከጉልበት የማያልፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተከፍቶ እናገኘዋለን። እዚያ ያየሁትን አልናገርም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያቅለሸልሸኛል።

የሚስቴ የማሬም መቃብር ተከፈተ። የተሰጠኝ ከፈን አጥሮ እግሯ ውጭ ስለቀረ፣ ሌላ ቁራጭ ለምኜ ከበታቹ የቀጠልኩላት እኔ ነኝ። ከእርዳታ ጆንያ ሰማያዊ ክር መዝዤ ሰፋሁት። በዚህ ዓይን ምን ስፌት ይወጣል፣ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ፤ መሃል ላይ ክሩ ቢያልቅብኝ በጥቁር ጨረስኩት።

ከፈኑን ለየሰዉ የሚያድለው መንግስቱ ከበራፉ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀጥቃጭ ቤት መግባት ይጸየፋል። ገዳሪፍ ገበያ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ እንደ ሱዳን ነጋዴ ለብሶ ራሱን ይጠመጥማል፤ ለኔ ዓይን ከታችም ነጭ፣ ከላይም ነጭ ነው። ስንመጣ መንገድ ላይ ሹክ ብሎኛል። ጅቡ ጅብ አይደለም፣ አየነው ነው፤ ቡዳ ነው፤ ሲጨልም ጅብ እየሆነ ይወጣል። አንዴ እግሩን ይምቱልንና ጠዋት ማን እንደሚያነክስ እናያለን፤ የቀረውን ሕዝቡ ያውቅበታል አለኝ። ሕዝቡ በዱላ የሚያውቀውን አውቃለሁ።

እኔስ ብሆን የዚያው አገር ልጅ አይደለሁ? ዕድሜ ልኬን ማረሻዬን ቀጥቃጭ እያሾለልኝ ከቤቱ ውሃ ቀምሼ አላውቅም። ግማሽ ልቤ መንግስቱን አምኖታል። ሰውዬው ደግሞ አጥንቱ ወጥቶ፣ ፍሙ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ራሱ የሚመታበትን ማነጣጠሪያ ይሠራልኛል። ሁሉም ነገር ቀፈፈኝ፤ ሹክሹክታውም፣ ዝንቡም፣ እኔው ራሴም።

አየነው ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ክብ ቆረጠና መሃሉን በምስማር ጫፍ በሳው። ቀዳዳዋ የሰሊጥ ፍሬ አታህልም። አባቱ ሲያረጅ ክር በመርፌ የሚያሾልከው እንዲህ ባለ ቀዳዳ እያየ እንደነበር ነገረኝ። ለዓይኔ ቅርብ አድርጎ ከሰደፉ በላይ በሽቦ አሰራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሚሉኝን ሰምቻለሁ፣ አያ ጋረደው። ጅብ ሥጋ ይበላል፣ አጥንት ይበላል። ከፈኑን ግን ምን ያደርግለታል?»

ከማሬ ጉድጓድ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ አላገኘሁም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅሁም።

መንግስቱ ከውጭ ሆኖ «ያላ አያ፣ ሊመሽ ነው» አለ።

ጠመንጃው ለማታው ጎርሷል። ማነጣጠሪያዋን ልሞክር ወደ ትከሻዬ አነሳሁና በበራፉ አየሁ። ጉሙ ተገፈፈ። የግራሩ እሾህ አንድ ባንድ ታየኝ፤ ከግራሩ ወዲያ የመቃብሩ ድንጋይ ታየኝ። ደስ አለኝ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አፈ ሙዙን ቀስ ብዬ ሳዞር መንግስቱ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባ።

ሙቀቱ አስጨንቆታል። የጥምጥሙን ጫፍ ስቦ ግንባሩን ጠረገበት፤ ቀጥሎ ከንፈሩን ጠረገበት። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ስፌት አለ። ይጣመማል። መሃል ላይ ሲደርስ ጥቁር ይሆናል።

የበላሁት ስለሌለ መራራ ውሃ ብቻ አፌ ድረስ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት። ለካ ይሄ ሰው ነው መቃብሩን እየከፈተ፣ ከፈኑን እየገፈፈ፣ ጉድጓዱን ሳይመልስ የሚሄድ። ጅቡ የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው። ጅብ እንኳ ሲርበው ነው።

ጣቴ ምላጩ ላይ ናት። አየነው ነገሩ ሳይገባው ፊቴን አይቶ ክንዴን ያዘኝ። ቀጥቃጭ ነክቶኝ አያውቅም። እጁን አላራቅሁትም።

«ጥምጥምህን ፍታው» አልኩት መንግስቱን።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። አፈ ሙዙን ሲያይ ሳቁን ተወው። «ኧረ ምን ሆኑ አያ? ከገበያ የገዛሁት ነው» አለ። ከየት አመጣኸው ያለው ሰው አልነበረም።

«ፍታውና መሬት ላይ ዘርጋው። አየነው ይየው።»

ፈታው። ተንበርክኮ እጥፋቱን በእጁ እያቃና አቧራው ላይ ዘረጋው። ተዘርግቶ ሲያልቅ የማሬን ቁመት አከለ፤ የተጣመመችው ስፌትም እግሯ በነበረበት ላይ አረፈች።